ፕላዝማው አይቆምም

ከሺንሺቾ ወጥቼ ቦኖሻ የተመደብኩት ኬሚስትሪ ላስተምር ነበር። የምታስተምረው ግን እኔ ሳልሆን በሳተላይት የምትመጣ፣ ፕላዝማው ላይ የምትታይ ሴትዮ ነበረች። በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ ትጠይቃለች፣ ትንሽ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ማንም ሳይመልስላት «በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። የእኔ ሥራ መጀመሪያ ላይ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ማጠቃለል ነው። በመሐል አጠገቧ እንደ ዘበኛ እቆማለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ከገጠር መጥታ ከእህቷ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። አባቷ አሥረኛን ካላለፈች ወደ ቤት ተመልሳ እንደምትዳር ቁርጡን ነግረዋታል። እሷ ደግሞ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ያልገባትን ሳትጠይቅ አታልፍም፤ ክፍሉ ቢስቅባትም ደንታ የላትም። ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ክፍል የምገባው ለእሷ ስል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የአዮኖች ስያሜ የደረሰ ዕለት ሴትዮዋ ሶዲየም፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌት፣ ሰልፋይት እያለች ስትነጉድ ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እዚህ ጋ ያስቁሙልን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ጨርሳ ስትጠፋ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«ሶዲየም ኤሌክትሮን ሰጠ፣ ክሎሪን ተቀበለ» አለች። «ሰጪው ያው ሶዲየም ነው። ተቀባዩ ለምን ክሎራይድ ተባለ?»

እንዴት ደስ አለኝ! ጠመኔ አንስቼ ሳልጀምር የፊዚክስ መምህሩ በር ላይ ደረሰ፤ የእሱም ፕላዝማ ሰው አይጠብቅም። «ነገ» አልኳት። በነጋታው ሴትዮዋ ሌላ ርዕስ ጀመረች።

ቅዳሜ ላስጠናቸው ብል ቅዳሜ ግምገማ አለ። እዚያው ግምገማ ላይ እጄን አውጥቼ፣ «አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ፕላዝማውን ዘግቼ በአማርኛ ቀላቅዬ ላስረዳቸው» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከወረዳ የመጡ ሰው አጠገቡ ተቀምጠዋል። «መምህርት፣ ይሄ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው» አለኝ። አዮንን ከኪራይ ምን እንዳገናኘው እስከዛሬ አልገባኝም። ሂሴን ውጬ ተቀመጥኩ።

የቀረኝ ተስፋ የመብራት መጥፋት ብቻ ሆነ። እሁድ ቅዳሴ ላይ መብራት እንዲጠፋ የምጸልይ አስተማሪ ሆንኩ፤ የንስሐ አባቴ ቢሰሙኝ ምን ይሉ ነበር?

አንድ ጠዋት ጠፋ። ክፍሉ ጮቤ ረገጠ። ልጅቷን ወደ ሰሌዳው ጠራኋትና ነገሩ ሰዎች የተስማሙበት ደንብ እንጂ ሌላ ምሥጢር እንደሌለው ነገርኳት፤ ሜታሉ ስሙን እንደያዘ ይቀራል፣ የተቀባዩ መጨረሻ ይለወጣል።

«በቃ ደንብ ነው?» ብላ ሳቀች። «ታዲያ እንዲህ አይሉንም!»

ከዚያ ማን ያቁማት። ኦክሲጅንን ኦክሳይድ፣ ሰልፈርን ሰልፋይድ እያለች ትጽፋለች፤ ከኋላ ያሉት እየተቀባበሉ ይጮሃሉ። ያን ዕለት አስተማሪ ነበርኩ። ወደ ሰልፌትና ሰልፋይት ልገባ ስል መብራት መጣ።

ሴትዮዋ ስለ ሌላ ነገር እያወራች ብቅ አለች። ርዕሰ መምህሩ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አየኝ። ቅዳሜ ደግሞ ግምገማ አለ። ልጅቷ ጠመኔዋን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን ታያለች። አንድ ነገር እንዳደርግ እየጠበቀች ነው። ምን ላድርግ?

«ተቀመጪ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። በምትተርፈኝ ጥቂት ደቂቃ «ገብቷችኋል?» ስል፣ ከሁሉም ቀድማ «አዎ» የምትለው እሷ ሆነች።

በዓመቱ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ማለፊያ ሳታመጣ ስትቀር አባቷ ሊወስዷት መጡ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ አግኝተውኝ ባርኔጣቸውን አነሱ።

«መምህርት፣ ትምህርቱ ከብዷት ነው?» አሉኝ።

ልመልስ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«አልከበደኝም፣ አባ» አለች። «ቲቸር ሁሉንም አስረድተውናል።»