ውክልና የማይሠራበት ፊርማ

ጉዳዩ በጠቅላላው አንድ ሱቅ፣ አንድ አባትና ሁለት ወር ወሰደብኝ። ሱቁ ካዛንቺስ ነበር፤ የቧንቧ ዕቃ እሸጥበት ነበር። አባቴም ዕድሜ ጠግበዋል፣ ይሁን። የሚያንገበግበኝ ሁለቱ ወር ነው።

የአባቴ ኩላሊት ከድሮም ደካማ ነበር። በኋላ ሰገራቸው ደም ሲቀላቅል ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ እሳቸውን አልጋ ላይ ትቶ እኔን ኮሪደር ላይ ጠራኝና "የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው" አለኝ። የእኛ ወግ እንዲህ ነው፤ በሽታው የታማሚው፣ ወሬው የቤተሰቡ። ተመልሼ ገባሁና "ኪንታሮት ነው አባባ" አልኳቸው። ስንት ዓመት "ኦሪጅናል ነው" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፊቴ አልተለወጠም።

የካንሰሩ መድኃኒት ኩላሊታቸውን እንዳይጨርሰው ሐኪሞቹ ፈሩ። አንዲት ወጣት ሐኪም ግን ጥናት እንዳለ ነገረችኝ። ሁለቱም በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን መዝግበው፣ ደማቸውን እየመረመሩ፣ መድኃኒቱን እየመጠኑ ይሰጣሉ።

"ይድናሉ ብዬ ቃል አልገባም" አለችኝ። "ግን ከዚህ ውጭ የሚደፍር አያገኙም። ኩላሊታቸው እንዳለ ከቆየ ይገባሉ።"

"የት ልፈርም?"

"እርስዎ አይደሉም፤ አባትዎ ናቸው። በሽታቸውን አውቀው ነው የሚፈርሙት።"

በማግስቱ አባቴ ድሮ የሰጡኝን ውክልና ይዤ ሄድኩ፤ ማኅተም ያለበት፣ መሸጥ መለወጥ፣ መክሰስ መከሰስ የሚል። አነበበችው።

"ጥሩ ነው፤ ለሱቅ።"

"ዶክተርዬ፣ ካንሰር የምትለዋን ብቻ ዝለያትና ሌላውን አንብቢላቸው።"

"ሌላ የለውም እኮ።"

አግባባታለሁ ብዬ ስመላለስ ሁለት ወር ሄደ። ገበያ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ያተርፋል፤ ሻጩ ይደክመዋል። እዚያ የሚደክመው ሌላ እንደነበር አላሰብኩም።

አንድ ቀን ባምቢስ ጋ ታክሲ ስንጠብቅ አባቴ መቆም አቃታቸውና የሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። እዚያው ነገርኳቸው፤ በሽታውንም፣ የሚፈርሙትን ወረቀትም፣ መንገድ ላይ።

ዓይናቸውን ከሚያልፈው መኪና ሳይነቅሉ ጠየቁኝ። "ማን ማን ያውቃል?"

"ቤተሰቡ።"

"ዕድሩስ?" የዕድሩ ጸሐፊ ራሳቸው ነበሩ።

"ሊቀመንበሩ... በቃ፣ ሁሉም ያውቃሉ።"

"እንግዲህ ድንኳኑ የተጠገነው ለእኔ ነው" አሉ። "ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ፣ ምን አስቸኮላቸው ብዬ ነበር።" እጃቸውን ዘርግተው፣ "ወረቀቱ የታለ?" አሉኝ።

ሐኪሟ ሙሉውን አነበበችላቸው። ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው በዚያ ቃለ ጉባኤ በለመደ እጃቸው ፈረሙ። አንዱን ኮፒ ለእኛ ሰጠችን። ከዚያ ደም ተወሰደ።

ውጤቱ ሲመጣ ኮሪደር ላይ አልጠራችኝም፤ እሳቸው ፊት ተናገረች። "አባባ፣ ኩላሊትዎ ደክሟል። ጥናቱ ከሚቀበለው ልክ በታች ሆኗል።"

"ስንት ጎደለ?" አልኩ። ነገረችኝ። "ይቺን ታህል? እባክሽ አስተካክያት።"

"ይሄ ዋጋ አይደለም። ባለፈው ወር ቢመጡ ይገቡ ነበር።"

አባቴ ወደ እኔ አልዞሩም። ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ።

ከዚያ የኩላሊት እጥበት ተጀመረ፤ ለእሱ ሱቁን ሸጥኩ። የቀብራቸው ቀን ዘንቦ ነበር፤ ድንኳኑ አላፈሰሰም።

እጄ ላይ የቀረው አንድ የተፈረመ ኮፒ ነው።