ዳማ ዳገት አይወጣም

አክስቴ ፈረስ አትወድም ነበር። ሠላሳ ዓመት የጋሪ ነጂ ሚስት ሆና ስትኖር ከጋጣው ደጃፍ አልፋ ገብታ አታውቅም። ባሏ ሲሞት ግን ፈረሱን ዳማን ሊገዛ የመጣውን ደላላ በመጥረጊያ አባረረችው። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላውን ፈረስ ለምን እንደሚፈልጉት ታውቃለች፤ እስኪወድቅ ሊያሸክሙት ነው።

ከዚያ በኋላ ደግነቷ ቅጥ አጣ። «ዕድሜ ልኩን ለፍቷል፣ አሁን ይረፍ» ብላ ሁለት ወር ሙሉ አሰረችው። ገብሱ በገፍ፣ ሙገሳው በነጻ። የዳማ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ። አንድ ቀን ጠዋት ከተኛበት ሊነሳ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቃተው፤ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ተገፍቶ፣ ተደግፎ ነው የቆመው።

የእንስሳት ሐኪሙ የፊት እግሮቹን ተራ በተራ አጥፎ ዘረጋቸው። ጉልበቱ ቋ ሲል እኛም ሰማን።

«እናቴ፣ በደግነትዎ ሊገድሉት ነው እኮ» አላት። «ያረጀ መገጣጠሚያ ቆሞ ሲውል ይደርቃል፤ ውፍረቱ ደግሞ ሌላ ሸክም ነው። ገብሱን ይቀንሱ፣ ጭዱን ወፈር አድርገው ያንጥፉለት፣ ኮቴውም በጊዜው ይከርከም። ከሁሉ በላይ በየቀኑ ይሂድ፤ ቀስ ብሎ፣ ሜዳ ሜዳውን። ዳገት ግን በጭራሽ! አንድ ቀን ወድቆ መነሳት ካቃተው እኔም የማደርግለት የለኝም።»

አክስቴ ዕለቱኑ ገመዱን ይዛ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፤ ዳማ ግን ያውቃል። ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ አጎቴ ዱቄት ያደርስ በነበረበት ሱቅ ሁሉ ደጃፍ ይቆማል። ሰው ወጥቶ ካላናገረው ንቅንቅ አይልም።

አጎቴ እኮ ቤት ሲገባ ለቃል ቀረጥ የሚያስከፍሉት ይመስል ነበር። «እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ደህና» ይላል፤ በቃ። አሁን በዚያው መንገድ ያለው ፀጉር ቆራጭ መቀሱን እንደያዘ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ያ ዘፋኝ ባለቤትዎ ከሄደ ወዲህ መንገዱ ጭር አለብን» አላት።

ዘፋኝ! ሲያፏጭ እንኳ ሰምታው አታውቅም። ያን ቀን የዳማን ጉልበት በሞቀ ጨርቅ እያሸች አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው አንድ ቀን እንኳ ባገኘሁት ብላ ተመኘች።

የመንገዱ መጨረሻ ድንጋያማ ዳገት ነው። እዚያ ሲደርስ ዳማ ጆሮውን አቁሞ ወደ ላይ ይጎትታል። ፀጉር ቆራጩ እንደሚለው አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶ ጋሪውን ይዞ ይወጣ ነበር፤ የት እንደሚገባ ግን ማንም አያውቅም። አክስቴ ብቻዋን ወጥታ ሞክራለች። ላይ አርባ የሚሆን በር አለ፤ የከፈቱላት ሁሉ «አናውቀውም» አሏት፣ ያልከፈቱላትም ብዙ ናቸው። በሩን የሚያውቀው ዳማ ብቻ ነው።

እናቴ ምላሷ አያርፍም። «ሴት ትኖረው ይሆናላ» አለቻት።

«ሴትም ትሁን» አለች አክስቴ። «ምን ምን እንደሚዘፍን እጠይቃት ነበር።»



ባለፈው ቅዳሜ አብሬያቸው ነበርኩ። ዳማ ሆዱ ገብቷል፣ አረማመዱም ቀለል ብሎታል። ዳገቱ ሥር ሲደርስ እንደ ልማዱ ጎተተ። አክስቴ ግን ያን ቀን ገመዱን ለቀቅ አደረገችለት። አምስት እርምጃ ወጣ፣ አሥር ወጣ። ዓይኗ ከላይኞቹ በሮች ላይ አልተነቀለም። ድንገት ቀኝ ጉልበቱ ከዳው፤ ተንገዳገደና ቆመ። ትንሽ ተንፍሶ ደግሞ ሊወጣ እግሩን አነሳ።

«ትንሽ እኮ ነው የቀረው፣ አክስቴ» አልኩ። ጉጉቱ እኔንም አላስቻለኝም።

እሷ ግን ከዳማ ፊት ዞራ በደረቷ አገደችው። እሱ ይገፋታል፣ እሷ አልንቀሳቀስ አለች። ግንባሯን ግንባሩ ላይ አሳረፈች።

«እኔንም ናፍቆኛል» አለችው። «እኔንም። ግን አንተም ከሄድክብኝ ከማን ጋር ሆኜ ልናፍቀው ነው?»

ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ ሜዳ ሜዳውን ወደ ቤት ተመለስን።