ለኤምባሲው ሰው ያለሳለስኩት መልእክት

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለ ካፌ ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ከድር ዛሬ ከእስር ወጥቷል፤ የኔ ንዴት ግን አልወጣልኝም። ግማሹ በራሴ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል።

የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ባለች፣ ለታሰሩ ሰዎች በነፃ ጥብቅና በምትቆም ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ኃላፊያችን እትዬ ዘይነባ ናቸው። ከድር የታሳሪዎችን አቤቱታ የሚመዘግብ ባልደረባችን ነበር፤ በዚሁ ሥራው እሱም ታሰረ። በመጀመሪያው ቀጠሮ እናቱን እንኳ «ቦታ የለም» ብለው ከችሎቱ በር መለሷቸው። ሁለተኛው ቀጠሮ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር።

ለዚህ ነው እትዬ ዘይነባ ከአንድ ኤምባሲ የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ኃላፊ ጋር ካፌው ውስጥ የተገናኙት። የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሰውየው ማኪያቶውን እያማሰለ፣ ኤምባሲው ጉዳዩን በቅርበት እየተከታተለ መሆኑን ነገረን።

«መከታተሉን ይተወውና ነገ መጥቶ ይቀመጥ በይው» አሉኝ እትዬ ዘይነባ። «እኛን ከበር ይመልሱናል፤ እሱን አይመልሱትም። እሱ ካለ በሩ ክፍት ይሆናል፣ ልጁም የደረሰበትን ይናገራል። ካልመጣ ምን ሊሠራልን ነው? ማኪያቶማ ብቻዬንም እጠጣለሁ!»

አፈርኩ። እንግዳ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው ብዬ በእንግሊዝኛ፣ «ጊዜ ካለዎትና ከተመቸዎት ነገ ቢገኙ ደስ ይለናል» አልኩት።

ፈገግ ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

«ያን ሁሉ ተናግሬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስሽው?» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

«እንግሊዝኛ አጭር ነው» ብዬ ዋሸሁ።

አመሻሽ ላይ መልእክት ላከልኝ። ስብሰባ ስላለው አይመቸውም፤ ለከድር ቤተሰብ ግን አጋርነቱን እንዳደርስለት ይፈልጋል። ደሜ ፈላ። አጋርነት እንደ ስንቅ በሳህን ተይዞ እስር ቤት አይገባ! ደግሞስ «ከተመቸዎት» ያልኩት ማን ሆኜ ነው? እንዳልኩት አልተመቸውም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኤምባሲው በር ላይ ቆምኩ።

«ቀጠሮ አለሽ፣ እህቴ?» አለኝ ጥበቃው።

«የለኝም።»

ሂጂ ቢለኝም አልሄድኩም። የሰውየው መኪና መጥታ ጥበቃዎቹ ሥሯን በመስታወት ሲፈትሹ መስኮቱን አንኳኳሁ። ዝቅ ሲያደርገው እትዬ ዘይነባ ያሉትን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኩት።

«ትናንት እንዲህ አላልሽኝም» አለኝ ደንግጦ።

«አላልኩህም። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ግን ሰምተሃል።»

ሰዓቱን አይቶ ስለ ስብሰባው ሊያስረዳኝ ጀመረ። በዚህ መሃል የመኪናው በር ቁልፍ ጠቅ ሲል ሰማሁ። የከፈተው ሹፌሩ ነው፤ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

በወዲያኛው በር ገብቼ ከሰውየው ጎን ተቀመጥኩና ለሹፌሩ የፍርድ ቤቱን መንገድ ነገርኩት።