የሐሙስ ማካካሻ

ዛሬ ጠዋት የልብስ ማድረቂያውን በር ስከፍት የወጣው ሙቅ የሳሙና ሽታ ሥራ አስፈታኝ። ውጭ በረዶው የመኪናዬን ጎማ ውጦታል፣ የቶሮንቶው ዌስተን መንገድ ጭር ብሏል፤ ከልጄ ትምህርት ቤት የመጣው መልእክትም ዛሬ ዝግ ነን፣ ትምህርቱ ኦንላይን ላይ ተቀምጧል ይላል። ልጄ ናሆም ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ላፕቶፑን ሆዱ ላይ አስቀምጦ ጌም ይጫወታል። ትምህርቱስ ብዬ ስጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማም፣ ኦፕሽናል ነው» አለኝ፣ ግዴታ አይደለም ለማለት። ደሜ ፈላ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል የባከነው ቀን በምን እንደሚካካስ የሚጨነቅ አንድ ሰው ይጥፋ? እንዲህ እየተብከነከንኩ ሳለ የሳሙናው ሽታ ወዳደግኩበት ወደ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ወደ ፎቃችን ምድር ቤት ይዞኝ ሄደ። እዚያም የጠበቀኝ ሌላ ንዴት ነው።

አባባ አገር ቤት ሳሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ የዳቦ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠሩ ስለነበር፣ እሳቸው ዱቄት ዱቄት እየሸተቱ ሲገቡ እኛ ደብተራችንን ይዘን እንወጣለን። ሥራው ቢለወጥም ዳይሬክተርነቱ አልለቀቃቸውም። በጎርፍም ይሁን በሌላ ምክንያት ያለፈ የትምህርት ቀን ቅዳሜ ይካካሳል፤ በእሳቸው ዘንድ ይህ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ነው። ስለዚህ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ሐሙስ በረዶ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲፈነድቅ፣ አባባ ግን ቅዳሜን ይጠብቁ ነበር። እኔም ቅዳሜን እጠብቅ ነበር፤ የክፍሌ ልጅ ክሪስቲን ልደቷን በረዶ ላይ በመንሸራተት ልታከብር ጠርታኛለች፣ ፈረንጅ ልጅ ድግስ ስትጠራኝ ደግሞ የመጀመሪያዬ ነው። ከደስታዬ ብዛት ካልሲዬን እንኳ ከዋዜማው መርጬ አስቀምጫለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ አባባ ከፋብሪካ ገቡ፣ አልተኙም፣ ክራቫት አሰሩ። ቦርሳዬን አሸክመውኝ፣ በረዶውን ከፊቴ በእግራቸው እየጠረጉልኝ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ደረስን። በሩ ተቆልፏል። በአካፋ በረዶ የሚዝቀው የጽዳት ሠራተኛ ቅዳሜ ማንም እንደማይመጣ ነገረንና፣ አባባ በእኔ አስተርጓሚነት የሐሙሱስ ቀን ብለው ሲጠይቁት፣ ቀለል አድርጎ፣ እሱማ አለፈ አላቸው። ይህን በደስታ ነበር የተረጎምኩት። አባባ የተቆለፈውን በር ረጅም ጊዜ አዩት። ቶሎ ተስፋ እንዲቆርጡልኝ ብዬ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብላቸው፣ ይህን ተረት ሰነፍ ተማሪ ነው ያወጣው ብለው ወደ ቤት መለሱኝ።

ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ የፎቁ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተከፈተ። ሙቀት አለው፣ ልብስ የሚታጠፍበት ረጅም ጠረጴዛ አለው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል? አባባ የሐበሻውን በር ሁሉ እያንኳኩ ልጆቹን ከካርቱን ላይ እየነቀሉ ወሰዷቸው። ግርግሩን ያየች ፓኪስታናዊት ጎረቤታችንም ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ልጇን ገፋ አድርጋ ጨመረችልን። የሳሙና ካርቶን ጀርባ ሰሌዳ ሆነ፤ አባባ ወንዝ ከምንጩ ተነሥቶ እንዴት ባሕር እንደሚገባ ያስረዱ ጀመር። ማድረቂያዎቹ ሲያጓሩ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ማሽኖቹ ድንገት ሲቆሙ የእሳቸው ጩኸት ብቻውን ይቀራል፤ ልብስ ልታጥብ የመጣችው ሴትዮ ሳትቀር ተጠይቃ መልሳለች። በመሬቱ ልክ ባለችው ትንሽ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ቦት ጫማ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ጫማው ሁሉ ወደ ክሪስቲን ልደት የሚሄድ እየመሰለኝ አለቀስኩ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ልሂድ ብዬ ለመንኳቸው። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ ጠመኔው ግን ከእጃቸው አልወረደም።

«ሐሙስን ሳትማሪ ቅዳሜን አትጫወቺም» አሉኝ።

ክሪስቲን ዳግመኛ አልጠራችኝም። ከዚያ ወዲህ በመላው ቶሮንቶ በረዶ እንዳይጥል የሚጸልዩት የእኛ ፎቅ ልጆች ብቻ ሆኑ። እኔም ወልጄ ለማየት ያብቃኝ እንጂ የልጄን ቅዳሜ ማንም አይነካትም ብዬ ማልኩ፤ መሐላዬንም ጠብቄአለሁ። የናሆም ቅዳሜ የሆኪና የእንቅልፍ ናት። አያቱንም የሚያያቸው በዓል ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜም እሳቸው በአማርኛ ሲጠይቁት እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስና ሁለቱም ወደ እኔ ይዞራሉ።

ዛሬ ንዴቴ አልበርድ ሲለኝ ልብሱን ማድረቂያው ውስጥ ትቼ አባባ ጋ ደወልኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚያው ፎቅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ትምህርት ቤቱ መዘጋቱን፣ ማካካሻ የሚባል ነገር አለመኖሩን፣ የልጅ ልጃቸው ተጋድሞ ጌም እየተጫወተ መሆኑን አንድ በአንድ ከሰስኩ። እንዲቆጡልኝ ነበር የፈለግኩት። ቅዳሜ ሆኪውን አስቀርቼ ላምጣልዎት ወይ አልኳቸው።

«ተዪው ልጄ፣ ይጫወት» አሉ። «እኔም እንደ ድሮው መቆም አልችልም።»

ይጫወት። ያን ቀን በማድረቂያዎቹ ጩኸት መካከል ሆኜ በእንባ የለመንኳት ቃል ይቺው ነበረች። ዛሬ ሳልለምናት መጣች፤ ጠላኋት። ድምፄን መቆጣጠር አቅቶኝ፣ የዛሬውስ ቀን አባባ፣ እንዲሁ ሊቀር ነው ወይ አልኳቸው።

«ያልፋላ» አሉኝ፣ ልክ እንደዚያ በረዶ ዛቂ ቀለል አድርገው።