እትዬ ዘነቡ የፈረሙበት ወረቀት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ሁለት ጊዜ ልናገር ሄጄ ትንንሹን ኃጢአቴን ብቻ ቆጥሬ ተመልሻለሁ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

አስኮ መንገድ ላይ ባለ የቡና መጋዘን የለቃሚዎች ካቦ ነበርኩ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። እትዬ ዘነቡ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ጎረቤቴ ናቸው፣ ሥራውንም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አቧራው ደረታቸውን ይዞት ሲያስሉ እስከ በሩ ይሰማል።

አንድ ቀን ቡናውን የሚገዛው የውጭ ድርጅት፣ ሠራተኛው በአግባቡ መያዙን የሚያይ ሰው ላከ። ጠዋት የአፍ መሸፈኛ ያደልኩት እኔ፤ የሰውየው መኪና ሲወጣ የሰበሰብኩትም እኔ። ሰውየው ወረቀት አስታቅፎኝ፣ ቅሬታ ያላት ትጻፍ፣ ስም አይወጣም አለ። መጻፍ ለማይችሉት ማን ይጻፍላቸው? እኔ። አብዛኞቹ ፈርተው ምንም የለንም አሉ። እትዬ ግን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ አቧራው ጨረሰን ብለሽ ጻፊ። ሽንት ቤቱን ይቆልፉብናል በይ። መሸፈኛውም የዛሬ ብቻ ነው በይ።»

እኔ «በሥራዬ ደስተኛ ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ከወዲያ ያዩኝ ነበር፤ ግን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ታዲያ ማን አስገደደኝ? ካቦነቴን ወድጄው ነበር፣ በቃ። አውራ ጣታቸውን የእስክሪብቶዬን ቀለም ቀባሁላቸው፤ እሳቸውም ውሸቴ ሥር ጫን አድርገው ፈረሙ። መርቀውኝም ሄዱ።

መጋዘኑ ሠራተኛውን በአግባቡ ይይዛል የሚል የምስክር ወረቀት አገኘ፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እትዬ ግን መልስ ይጠብቁ ነበር። ጠዋት ጠዋት «መጣ እንዴ?» ይሉኛል። «ይመጣል» እላቸዋለሁ። ስንት ጠዋት እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

አሁን እትዬ እዚሁ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ከአልጋ አይነሱም። መጋዘኑ ተሸጧል፣ ያኔ ወረቀቱን የወሰደው ሰውዬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ባለፈው እሁድ ወተት ይዤላቸው ሄድኩ።

«ያ ወረቀት መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል» አሉኝ። «እንደገና ጻፊልኝ እስቲ።»

ጻፍኩ። ያሉትን ሁሉ፣ አንድም ሳላጎድል ጻፍኩ። ጣታቸውን ቀባሁ፣ ፈረሙ፣ «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ያኔ ልነግራቸው ነበር። ሳል ያዛቸው፤ ውሃ አቀበልኳቸውና ወረቀቱን አጣጥፌ ተነሳሁ።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የምልክለት ሰው የለኝም። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የእሳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ የፊታችን እሁድ ገና ከበሩ ስገባ «መጣ እንዴ?» ይሉኛል።