መሪጌታ የዘገዩባቸው አሥር ቀናት

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የቁጥር ሰው ነበሩ። ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ባለች የሚካኤል ደብር፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ መቼ እንደሚውል አስልተው የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሌላው ካህን ብራናውን ገልጦ መስመሩን ሲፈልግ፣ እሳቸው የባሕረ ሐሳቡን ስሌት በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይጨርሱታል። ይህንንም ያውቁታል። ትሕትናን ሰው ላይ ሲያዩዋት ደስ ይላቸዋል እንጂ እሳቸውን እምብዛም ጎብኝታቸው አታውቅም።

የሚያንገበግባቸው አንድ ነገር ነበር። በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው የዓመቱን አጽዋማት ሲያውጁ የሚያዳምጣቸው የለም። ሴቱ ልጁን ያባብላል፤ ወንዱ ስለ ገብሱ ይንሾካሾካል። በማግስቱ ደግሞ እነዚያው ሰዎች "መሪጌታ፣ ሁዳዴ መቼ ይገባል?" እያሉ ደጃቸውን ያንኳኳሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም አንድ ቀን ግን ሕዝቡ ሰማቸው። ዘመኑ ዮሐንስ ነው። አስቀድመው ሲያሰሉ አበቅቴው አሥራ ሁለት፣ መጥቅዑ አሥራ ስምንት ወጣና ፋሲካ መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ጣታቸው ባለበት ቀረ። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት ሃያ ዘጠኝ፣ ከሙታን የተነሣውም መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ዓለምን ሊያሳልፍ የሚመጣውም በዚያው ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ነው የሚል የአበው ቃል ተማሪ ሳሉ ከየኔታ አፍ ሰምተዋል። ደግመው ቆጠሩት፤ ያው ነው። ሠልሰው ቆጠሩት፤ ያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፋቸው ቀለለ፤ እህል እንኳ ሲበሉ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ይመላለስ ጀመር።

ቢሆንም ቀኑን ተናግረው ዝም ቢሉ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ዝም አላሉም። "ፋሲካ መጋቢት ሃያ ዘጠኝ" አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሕዝቡ ቀና አለ። ያቺን ቀና ማለት ሠላሳ ዓመት ሲጠብቋት ኖረዋል። "ዘመኑም ዮሐንስ ነው። አባቶቻችን ስለዚህ ቀን ያሉትን የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅ ይጠይቅ" ብለው ከዐውደ ምሕረቱ ወረዱ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የመሪጌታ ቃል በጥቅምት ከንፋስ መውጫ ገበያ ደረሰች፤ በኅዳር እስቴን ዞረች፤ በታኅሣሥ ቀንድና ጅራት አብቅላ ስማዳ ተመለሰች። ጋይንት ላይ ለአንድ ባሕታዊ በእሳት የተጻፈ ደብዳቤ ወርዶለታል ተባለ። መካነ ኢየሱስ አጠገብ ጥጃ በሰው አፍ ተናግሯል ተባለ። ሰዉም ለማመን ሩቅ አልነበረም፤ ከብቱን ፈጅቶ ሰዉን ያስከተለው ክፉ ቀን ገና ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጃንሆይም ታመው ከሰው ዓይን ከተሰወሩ ሰነባብተዋል። ስምንተኛው ሺ ይሏል ይኸ ነው እያለ ገበሬው ደመደመ።

ከደመደመ በኋላ ያደረገው ግን መሪጌታ በሕልማቸውም ያላሰቡትን ነው። ዓለም ባንድ ቀን ካለፈ ማን ለማን ተዝካር ያወጣል? ልጅም የለ፣ ዘመድም የለ። ስለዚህ ሁሉም በየቤቱ ቁም ተዝካር መደገስ ያዘ፤ ሳይሞት፣ በቁሙ፣ ለገዛ ነፍሱ። አውድማው ገና ሳይጠረግ ገብሱ ወደ ጠላ ጋን፣ ስንዴው ወደ ሌማት ሄደ። ቤተኛውን አብልቶ የተረፈውን ለነዳያን የሚበትነው በዛ፤ ከሚበተነው መካከልም በሰኔ ለማሳ የሚጠበቀው ዘር ነበረበት።

በድግሱ ሁሉ ደግሞ ፍትሐቱን ደርሶ ከላይ የሚቀመጠው ማን ነው? መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል። በታኅሣሥና በጥር አሥራ አንድ ቁም ተዝካር በሉ። መጀመሪያዎቹን ሦስት በደስታ በሉ፤ ሰው ሁሉ እጃቸውን ይስማል፣ ከአፋቸው ቃል ሊለቅም ይጠባበቃል። ከአራተኛው በኋላ ግን ዳቦውን እየቆረሱ የስንት ማሳ ዘር እንደሆነ ይቆጥሩ ጀመር። ቀኑ ሳይመጣ ቢቀር ይህ ሕዝብ በክረምት ምን ሊበላ ነው? "ተዉ፣ ዘራችሁን ያዙ" ብዬ ቀኑ ቢመጣስ? ንስሐ ሊገባ የተነሣውን ሰው ወደ ማረሻው የመለስሁት እኔ ነኝ፤ ጌታ ነፍሱን ከእጄ ይጠይቀኛል ይላሉ በልባቸው። ከቤት ይወጣሉ፣ እስከ ዋርካው ይሄዳሉ፣ ምን ሊሠሩ እንደወጡ ይጠፋባቸውና ይመለሳሉ።

ጥር አጋማሽ ላይ ልጃቸው ታደለች መጣች። ወንዙን ተሻግሮ ካለው መንደር ደምሌ የሚባል ገበሬ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ደምሌ በክፉ ቀን እናት አባቱን ቀብሮ ብቻውን ያደገ፣ በሁለት በሬዎቹ በወይኖና በቦራ ቤት ያቆመ ሰው ነው።

"አባባ" አለች ሳትቀመጥ፣ "ደምሌ የቅበላ ዕለት ቁም ተዝካሩን ሊያወጣ ነው። ቦራን ሊያርደው ነው።"

"ደምሌ? በሬውን?"

"ከዘሩም ሦስቱን ስልቻ አስፈጭቶ አስጠምቆታል። አራተኛውን በማግስቱ ለነዳያን ይሰጣል። እናት አባቴ ያለ ፍትሐት ነው የተቀበሩት፣ እኔም እንደነሱ አልሄድም ይለኛል። እኔን አይሰማኝም፤ እርስዎን ግን ይሰማል። ቀኑ ይመጣል ወይስ አይመጣም? አንድ ቃል ይበሉኝ።"

መሪጌታ ወደ ግዕዙ ሸሹ። "አልቦ ዘየአምራ፤ ያችን ቀን የሚያውቃት የለም ይላል መጽሐፍ። መላእክትም አያውቋት።"

ታደለች አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። "ታዲያ መስከረም አንድ ቀን ለምን ያወቁ መሰሉ?" ብላ ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች።

ጥር ሃያ ነነዌ ገባ። በነነዌ ሦስት ቀን መሪጌታ እማሆይ ውዴ ዘንድ እየሄዱ መጽሐፈ ዮናስን ያነቡላቸዋል። እማሆይ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የፈዘዘ የእስቴ ሰው ናቸው። ከተማው ይጠፋል ብሎ የሰበከው ዮናስ፣ ሕዝቡ ንስሐ ገብቶ ሲተርፍ ተቆጥቶ ከከተማው ውጭ ከተቀመጠበት ምዕራፍ ሲደርሱ አሮጊቷ ሳቁ።

"ምን አሳቀዎት እማሆይ?"

"ይኸ ነቢይ ነዋ። መቶ ሃያ ሺህ ነፍስ ተረፈ ብሎ ያኮርፋል። ቃሌ ለምን ታጠፈ ነው ኩርፊያው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ዘንድሮ ፋሲካና ባለ እግዚአብሔር ባንድ ቀን ይውላል አሉ?"

"አዎን እማሆይ፤ መጋቢት ሃያ ዘጠኝ።"

"ይኸን ፋሲካ እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ የወተት ጥርሴ ሲነቃነቅ፣ እንዲሁ ባንድ ቀን ውሎ ነበር። ያን ጊዜም ያገሬ ደብተራ ዓለም ያልፋል አለ። አባቴ ላሟን ለድሃ ሰጠ፣ ዘሩን በተነ፣ የፋሲካ ለት ነጭ ለብሶ ደጅ ተቀመጠ። እሑድ አለፈ። ሰኞም ነጋ። አባቴ በዚያ ነጭ ልብሱ ከሰው ፊት መቆም አፈረ። ሰኔ ሲመጣ የሚዘራው የለው፤ ወንድሜ አለበል የአራት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሸቱ ሳይደርስ በጳጉሜ ሞተ።" ጣታቸውን በመቋሚያቸው ላይ አሹ። "በዚያ ፋሲካ ጌታ አልመጣም ልጄ። ለአለበል ግን ዓለም አለፈች።"

መሪጌታ ዮናስን ሳይጨርሱት ተነሡ። ከጎጆው በስተጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓመተ ዓለሙን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ። ሰማንያ አራት ዓመት ወደ ኋላ ሲሄዱ፣ በሺህ ስምንት መቶ ሃያ ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ዋለ። ዘመኑን ሲፈትሹ ዮሐንስ ሆነ። አንዲት ቀን ፈቅ ሳትል ያው ራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ወደ ፊት ብቻ ሲቆጥሩ፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ ለመቁጠር አላሰቡም ነበር።

ይህ የሆነው ጥር ሃያ ሁለት፣ የነነዌ መጨረሻ ረቡዕ ነው። በዚያው ዕለት ወንዙን ተሻግረው ለደምሌ ቢነግሩት ቦራ በሕይወት ነው። አልሄዱም። ስሌቱን እንደገና ልየው አሉ፤ አዩት። ያኔ ባይመጣ ዛሬ አይመጣም ማለት አይደለም አሉ፤ ይህም እውነት ነው። እሑድ ለሕዝቡ እናገራለሁ አሉ፤ እሑድ ሲደርስ ሕዝቡ እጃቸውን ሊስም ሲሻማ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣም። እውነቱን እንናገር ከተባለ መሪጌታ የፈሩት ሳቅ ነው። በቁጥር ተሳስተው አያውቁም፤ አሁንም ቁጥሩ አልተሳሳተም። ያጠፋው ምላሳቸው ነው፤ ምላሴ አጠፋ ማለት ደግሞ ጣቴ ተሳሳተ ከማለት ይከብዳቸው ነበር። አሥር ቀን ሲንቆራጠጡ ሰነበቱ።

በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ የካቲት ሁለት፣ ከደጃቸው ሆነው ወንዝ ማዶ ሲያዩ ከደምሌ ግቢ በላይ አሞራ ይዞራል። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። መሪጌታ በቆሙበት "ወየው ቦራ!" አሉ።

በማግስቱ ቅበላ ነው። ደምሌ ዳስ ጥሏል፤ አገሩ ሁሉ ተቀምጧል። አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ አብርቶ አማቱን ሊቀበል ወጣ። "አባቴ፣ ይባርኩልኝ" ብሎ ወደ ላይኛው መደብ መራቸው። መሪጌታ አልተቀመጡም።

"እኔ ይህን አልባርክም" አሉ። "ደምሌ ልጄ፣ እናንተም ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ፋሲካ መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ይህ እርግጥ ነው። ከዚያ በላይ የተናገርሁት ግን ከእኔ ነው። እንድትሰሙኝ ብዬ ነው የተናገርሁት። የጌታ መምጣት አይቀርም፤ ቀኑን ግን እኔም አላውቅ፣ አባቶቼም አላወቁ። የዛሬ ሰማንያ አራት ዓመት ፋሲካ እንዲሁ ውሎ ነበር፤ ጌታም አልመጣም፤ ዘራቸውን የበተኑት ግን በክረምት ልጆቻቸውን ቀበሩ። ንስሐውን ግቡ፣ የተጣላችሁም ታረቁ፤ ይህ ለነገ አይባልም። ዘራችሁን ግን አትብሉ።"

ደምሌ ፊቱ ጠቆረ። "ይህን መቼ አወቁት አባቴ?"

መዋሸት ይችሉ ነበር። "በነነዌ። አሥር ቀን ሆነኝ።"

"አሥር ቀን!" ደምሌ ጋቢውን ከትከሻው አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው። "ቦራን ትላንት ነው ያረድሁት! አንገቱን ዘርግቶ አመነኝኮ! አሥር ቀን አፍዎን ምን ያዘዎት?"

"ኩራት" አሉ መሪጌታ። "ኩራት ነው የያዘኝ።"

ማንም አልሳቀም። አሥር ቀን ሙሉ የፈሩት ሳቅ ጨርሶ አልመጣም፤ ቢመጣ ይሻላቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ በልባቸው የየቤታቸውን ዘር ሳይቆጥሩ አልቀሩም። ታደለች ወደ ቤት ገባች፤ የቀረችውን አራተኛዋን የዘር ስልቻ እየጎተተች አወጣችና ዳሱ መካከል አስቀምጣ ላይዋ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ስልቻ የጠየቀ አልነበረም።

መሪጌታ ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ነበራቸው፤ ለሰው እየሰጡ የሚያሳርሱት። በዚያው ቀን ራሳቸው እየነዱ ወንዙን አሻገሩትና ከወይኖ ጎን አሰሩት። ደምሌ ከደጁ ቆሞ አያቸው እንጂ ይግቡም ደህና ዋሉም አላለም። ሁዳዴን ሙሉ አልተነጋገሩም።

መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ደረሰ። መሪጌታ ያን ትንሣኤ ሲያገለግሉ እግራቸው አንድ ቦታ አልረጋም፤ የማያውቁትን አላውቅም ማለት ልብን ያሳርፋል የሚል ካለ እሳቸውን ይጠይቃቸው። የምሥራቁ በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይደነግጣሉ፤ ደንግጠውም ይናፍቃሉ። ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጣች። ሰዉ እርስ በርሱ እንኳን አደረሰህ ሲባባል ትንሽ ይተፋፈር ነበር።

ዳግም ትንሣኤ ባለፈ ማግስት ደምሌ ደጃቸው መጣ። ቀንበር ተሸክሟል። "ዳልቻና ወይኖ አልተላመዱም" አለ መሬት መሬት እያየ፤ "አንድ ሰው ከፊት ቢመራልኝ።" መሪጌታ ጥምጥማቸውን ፈትተው አስቀመጡና ተከተሉት። በሰኔ ያችን አንዲት ስልቻ ዘሩ። ክረምቱ ለአገሩ ሁሉ ጠባብ ሆነ፤ እየተበዳደረ አለፈ። በደምሌ ቤት በጳጉሜ የተቀበረ ልጅ ግን አልነበረም።

መሪጌታ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። በየመስከረሙ ፋሲካን አውጀው፣ ሕዝቡ ሲንሾካሾክ ዝም ብለው ይወርዳሉ፤ አይቆጡም። ካረፉ በኋላ የባሕረ ሐሳብ ብራናቸው ሲገለጥ በኅዳጉ ላይ በእጃቸው የጻፉት ተገኘ። ከሳቸው በኋላ ለሚመጣው፣ ገና ላልተወለደ ቆጣሪ ነው፤

"በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ፋሲካ እንደገና መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ይውላል። አንተ ይህን የምትቆጥር ወንድሜ፣ ቀኑን ብቻ ተናገርና ውረድ። በሬህን አትረድ። ከተናገርህም በኋላ ከተጸጸትህ፣ አሥር ቀን አትቆይ።"