እናቴን ያስረጀሁበት ስምንት ቁጥር

ከሰፈራችን ጎሚስታ ቤት ቸርኬ በመዶሻ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ፣ እጄ ደብተር ፍለጋ ይሄዳል። ልጅ ሳለሁ በቀበሌያችን ግቢ ዛፍ ላይ የጭነት መኪና ቸርኬ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘበኛው በብረት እየደበደበ ለመሠረተ ትምህርት ይጠራበት ነበር። ያን ጊዜ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ ዕቃቸውን ሸፋፍነው፣ ቀበሌውን በሆዳቸው እየረገሙ፣ ፊደል ሊቆጥሩ ይሄዱ ነበር፤ ከእናቴ በስተቀር። እናቴ አሮጊት ነበረች። ያስረጀኋትም እኔ ነኝ።

ዘመቻው በተጀመረበት ክረምት የመመዝገቢያ ቅጽ ቤት ለቤት ሲታደል፣ አባቴ እንደ ልማዱ ከባድ መኪናውን ይዞ አሰብ ወርዶ ስለነበር፣ በቤታችን እስክሪብቶ የሚይዝ ወንድ የአሥራ አንድ ዓመቱ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ከሃምሳ በላይ የሆነ አይገደድም ሲባል ሰምታ፣ «ጀማል፣ ሃምሳ ምናምን ብለህ ጻፈኝ፤ ገበያዬ የሚሞቀው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው» አለችኝ።

«ምናምኑ ስንት ይሁን?»

«የፈለግከውን አድርገው!»

ከቁጥር ሁሉ አሳምሬ የምጽፈው ስምንትን ነበር፤ ሁለት ብርቱካን የተነባበረ አስመስዬ ስለምስለው እኮራበት ነበር። ስለዚህ ሃምሳ ስምንት ብዬ ጻፍኩና ለድካሜ አንድ ቦንቦሊኖ ተቀበልኩ። እናቴ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዕድሜዋን የምትቀንስ ሴት ብዙ አይቻለሁ፤ ለጽሕፈት ውበት ሲል እናቱን ያስረጀ ግን ከእኔ ሌላ አላጋጠመኝም።

መስከረም ላይ መታወቂያዋ በሃምሳ ስምንት ወጣ። የገበያ ጓደኞቿ ቸርኬው ሲመታ ቅናታቸውን በነገር ይወጡ ነበር፤ «እማማ ዘሃራ፣ ምርኩዝዎን ያዙ እንጂ፣ እንዳይወድቁ!» ይሏት ነበር። እሷም ወገቧን ይዛ እያነከሰች፣ «ሂዱ ወዲያ፣ ሀ ሁ በሉ! ተማሪ ሁላ!» ትላቸው ነበር።

በጋው ሲገባ ግን ግራ ጡቷ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት አገኘች። ጥቂት ሳምንት ደብቃው ሲብስባት ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት አወጣች፤ ወረቀቱም መታወቂያዋን አይቶ ሃምሳ ስምንት አለ። አባቴ አሁንም መንገድ ላይ ነበርና ወደ ሆስፒታል የተከተልኳት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከትምህርት ቤት መቅረቴ አስደስቶኝ ነበር።

ሐኪሙ መነጽራም፣ ትሑት ሰው ነበር። መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ እናቴን አይቶ፣ «እማማ፣ ዕድሜዎን አይመስሉም» ሲላት ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች። የምርመራው ውጤት በመጣ ቀን ግን ካንሰር መሆኑን ነግሯት፣ «በእርስዎ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ኪኒን እየወሰዱ ይቆዩና ተራ ሲደርስዎ፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ወጣት ቢሆኑ ኖሮ አንድ ሳምንትም አልጠብቅ፤ ወጣት ላይ ይሮጣል» አላት። ቀጥሎም፣ «የወር አበባ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ፣ «ቆይቷል» አለች። እውነቱን ብትናገር ወረቀቱ ሐሰት ይባልና ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ብላ ነው። አፌን ስለምታውቀውም ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ይሮጣል የሚለው ቃል ግን ከቁንጥጫው ይበልጥ አመመኝ።

«ዶክተር፣ ስምንቷን ያሳመርኳት እኔ ነኝ!» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ምን እያልኩ እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። ከቅጹ እስከ ቦንቦሊኖው ስናዘዝ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ድንገት አቁሞ፣ «አንቺ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?» አላት። ከእርስዎ ወደ አንቺ ስትወርድ ያኔ አየሁ።

«ሠላሳ ስድስት» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ያለውን ዕድሜ በገዛ እጁ ሰርዞ ፈረመበትና በሦስተኛው ቀን አስተኛት።

ያን ሁሉ ጊዜ ስትቀልድ የነበረችው እናቴ፣ አልጋ በያዘች ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። «ሃምሳ ስምንት ሳለሁ አልፈራሁም ነበር» አለችኝ፤ «ሠላሳ ስድስት ሲያደርጉኝ ፈራሁ።» ከጎኗ የተኙት፣ በዚያው በሽታ የመጡት እማማ ብርቄ፣ የእውነት ስድሳን ያለፉ ሴት ነበሩ። «እኔ ሰባት ልጅ አጥብቼበታለሁ፤ ሥራውን ጨርሷል፣ ይውሰዱት!» አሏት። «አንቺ ግን ባልሽ ገና ከአሰብ ይመጣል፤ ነገ ልጅ ያምርሽ ይሆናል። አልቅሺ፣ ምን ነውር አለው?» እስኪወጣላት ጠበቋትና፣ «በይ አሁን ንፍጥሽን ጥረጊ። አንድ ጥሩ ነጠላ ስንት ትይኛለሽ?» ሲሏት፣ እናቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ ዋጋ ትከራከር ጀመር።

በበልጉ ዝናብ፣ ግራ ጡቷ ተቆርጦ፣ ሸማ ተራ ተመለሰች። በጎደለው በኩል የጥጥ ባዘቶ ጠቅጥቃ ትለብስ ነበር፤ ሥራ ሲበዛ ባዘቶው እየሸሸ፣ «ዘሃራ፣ ግራሽ ትከሻሽ ላይ ወጥቷል!» ሲሏት እየሳቀች ትመልሰው ነበር። ቀበሌውም እውነተኛ ዕድሜዋን ሰምቶ ለፊደል ጠራት፤ ለኃጢአቴ ማስተሰረያ ደብተሯን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ የልጅ ልጅ አቅፋለች።

ባለፈው ዓመት የሠላሳ ዓመት ልጄ ያንኑ በሽታ አገኘችና አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሟ፣ ወጣት ሴት፣ ገና ስለ መድኃኒቱ ሳታነሣ፣ «ወደፊት መውለድ ታስቢያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የሆድሽን ለማን ታዋሪያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ እንደ ልማዴ ልመልስ አፌን ስከፍት፣ «ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም» አለችኝ። ልጄ ረጅም ሰዓት አወራች፣ አለቀሰች፣ ሳቀችም። ዛሬ ሕክምናዋን እየጨረሰች ነው፤ ከእኔ የተሻለ ትተኛለች። እናቴን ግን እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ ያን ሁሉ የምለፈልፈው እኔም አልጠየቅኋትም።